ዜና ኢንቫሊድ፦ የቆሰሉ ወታደሮች ቤት በፓሪስ

የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በነገሠ በ27ኛው ዓመት፣ ይኸውም በ1670 እ.ኤ.አ.፣ በጦርነት አካላቸው ለጎደለና በአገልግሎት ላረጁ ወታደሮች በፓሪስ መኖሪያ እንዲሠራ አዘዘ። ቤቱም ኢንቫሊድ ተባለ።

ከዚያ አስቀድሞ የእነዚህ ሰዎች ኑሮ መከራ ነበረ። በጥንቱ ሥርዓት ገዳማት የተጎዳ ወታደር ተቀብለው የማኖር፣ የማብላትና የማልበስ ግዴታ ነበረባቸው። ወታደሩ ግን ዕድሜውን በጦር ሜዳ የፈጀ ነውና የገዳሙን ጸጥታ አልለመደም፤ መነኮሳቱም በስካሩና በጠቡ ተማረሩ። ስለዚህ ብዙዎቹ ገንዘብ እየሰጡ አሰናበቱት። ገንዘቡም ባለቀ ጊዜ እግሩ የተቆረጠውም እጁን ያጣውም በፖን ኔፍ ድልድይ ላይ ተቀምጦ መንገደኛውን ይለምን ጀመር። ስለ መንግሥት ደሙን ያፈሰሰ ሰው በመንግሥቱ መዲና ለማኝ ሆኖ መታየቱ ለንጉሡ ነውር ነበረ። ይህን ያየ ጎልማሳም ለዘመቻ ልቡ አይነሣሣም።

ሥራውን የጦር ሚኒስትሩ ሉቩዋ በበላይነት ያዘ። ከሕንጻው ይልቅ ሊመሰገን የሚገባው ለቤቱ መተዳደሪያ የተቆረጠው ገቢ ነው። ከሠራዊቱ ወጪ ከእያንዳንዱ ሊቭር ላይ 2 ደኒዬ እንዲቀነስ ተደረገ፤ በዘመኑ ገንዘብ ሊቭሩ 240 ደኒዬ ነውና ከ120 እጅ አንዱ መሆኑ ነው። ገዳማቱም ለተጎዱት ይከፍሉት የነበረው ገንዘብ ወደዚሁ ቤት ተዛወረ። በዚህ ሥርዓት የጦር ጉዳተኛው እንጀራ በመጽዋች ፊት ማየት ላይ የቆመ መሆኑ ቀረ።

ንድፉን ያወጣው ሊቤራል ብሩዋን ነው። ሕንጻው በግሬኔል ሜዳ ተሠራ፤ የፊቱ ርዝመት 196 ሜትር፣ አደባባዮቹም 15 ናቸው። በ1674 የመጀመሪያዎቹ ወታደሮች ገቡ። ዡል አርዱዋን ማንሳር ያነጸው ባለ ወርቅ ጉልላት ግን የተፈጸመው በ1706 ነው፤ ከፍታውም 107 ሜትር ነው።

የቤቱ ሕግ ጥብቅ ነበረ። አዲስ ገቢ 40 ቀን የሃይማኖት ትምህርት ይማራል። ሥርዓት ያፈረሰም በምግብ አዳራሹ መካከል በተለየ ገበታ ይቀመጣል፤ ባልንጀሮቹ ወይን ሲጠጡ እርሱ ውኃ ይጠጣል። መሥራት የሚችለው ጫማ ይሰፋል፣ ምንጣፍ ይሠራል፣ የዜማ መጻሕፍትን እየጻፈ በሐረግ ያስጌጣል። የታመሙትን መነኮሳይያት ያስታምሟቸው ነበር፤ በጊዜው በፓሪስ ሆስፒታል ብዙ ሕመምተኞች በአንድ አልጋ ሲተኙ፣ እዚህ ለአንድ ሰው አንድ አልጋ ነበረ። ነገር ግን ፕሮቴስታንት የሆነ ወታደር አይገባም ነበር፤ የፈሰሰው ደም አንድ ሆኖ ሳለ ይህ መደረጉ ታላቅ በደል ነው።

የሩስያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ በ1717 ወደ ፓሪስ በመጣ ጊዜ ቤቱን ጎበኘ። ወደ ምግብ አዳራሹም ገብቶ ከወታደሮቹ ሾርባ ቀመሰ፣ ከወይናቸውም ለጤናቸው ጠጣ፤ ትከሻቸውንም መታ መታ እያደረገ ጓዶቼ አላቸው። ቁስለኛን ማክበር እንዲህ ነው፤ በአንድ ገበታ መቅረብ ነው። እንግሊዞችም ይህን ቤት አይተው በ1682 በቻርልስ 2ኛ ዘመን የቼልሲን ቤት ይሠሩ ጀመር።

ጥቂት ጉልበት የቀራቸው ኢንቫሊዶች በየምሽጉ ዘብ እንዲቆሙ ይላኩ ነበር። ከነዚያ 80 የሚያህሉት በ1789 አብዮቱ ሲነሣ የባስቲል እስር ቤት ጠባቂዎች ነበሩ። ባስቲል በተያዘበት ቀን ጠዋት ሕዝቡ ወደ ኢንቫሊድ ገብቶ 30,000 ያህል ጠመንጃ ወስዷል፤ ውስጥ ያሉት አዛውንት ወታደሮችም አልተከላከሉም። አብዮቱ ዙፋኑን ሲያፈርስ ይህን ቤት ግን አላፈረሰውም። ናፖሊዮንም በ1804 የሌዥዮን ዶነርን የመጀመሪያ ኒሻኖች የሸለመው በዚሁ ቤት ውስጥ ባለው ባለ ጉልላት ቤተ ክርስቲያን ነው። አስከሬኑም በ1840 ከቅድስት ሄለና ደሴት መጥቶ በዚያ ገባ፤ ዛሬ መቃብሩ በጉልላቱ ሥር ነው።

ጎብኚው ወደ ናፖሊዮን መቃብርና ወደ ጦር ሙዚየሙ ቢጎርፍም፣ በግቢው የጦር ጉዳተኞች ዛሬም ይኖራሉ፤ ሆስፒታሉም የተቆረጠ እግርና እጅ ላላቸው ሰው ሠራሽ አካል ያለማምዳል። በሽብር ጥቃት የተጎዱ ሲቪሎችም በዚያ ይታከማሉ።