ሁለት እኅትማማች ሙሽሮችና አንድ ልብስ ሰፊ

የሠርግ ልብስ ጌጡ በበዛ መጠን ሙሽራዪቱን ያስውባታል የሚል አሳብ በብዙዎቻችን ዘንድ አለ። የሁለት እንግሊዛውያን ልዕልቶች ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳየናል።

ልዕልት ኤልሳቤጥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1947 ዓ.ም. ሲያገቡ፥ በጦርነቱ ጠንቅ ልብስ ገና በኩፖን ይሸጥ ነበር። ሴቶች የገዛ ኩፖናቸውን ቢልኩላቸው እንኳ፥ ሕግ አይፈቅድምና ተመለሰላቸው። ያም ሆኖ ልብስ ሰፊው ኖርማን ሃርትኔል ቀሚሱን በጥልፍና 10,000 ያህል በሚሆኑ ጥቃቅን ዕንቍዎች አስጌጠው።

በ1960 ዓ.ም. ደግሞ የታናሽ እኅታቸውን የልዕልት ማርጋሬትን ቀሚስ የሠራው ይኸው ሰው ነው። የእሳቸው ቁመት ግን 1 ሜትር ከ55 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። የሚያገቡበት የዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን እጅግ ሰፊና ከፍ ያለ ነው፤ ሠርጉም በቴሌቪዥን ይታያል። በዚያ ሥፍራ ደቃቃ ሙሽራ ዕንቍ ብትጫን፥ ልብሱ ይታያል እንጂ እርስዋ አትታይም።

ስለዚህ ሃርትኔል ቀሚሱን ከስስ ሐር፥ ያለ ጥልፍ ሰፋው። እስከ ወገብ ድረስ በሰውነታቸው ልክ አጠበበው፤ አንገቱን ወደ ታች ሾጠጥ አድርጎ ከፈተው፤ ከወገብ በታች ግን ጨርቁን አንሰራፋው። ዓይንን የሚያቆም ጌጥ ስለሌለ፥ ተመልካች ከትከሻ እስከ እግር ሳይገታ ያያል፤ ቁመትም የጨመረ ይመስላል። በጥልፍ ስሙ የገነነ ሰው ጥልፉን መተዉ፥ በእኔ አስተያየት ከዕንቍዎቹ ሁሉ ይበልጥ ያስደንቃል።

ልዕልቲቱም ጠጕራቸውን ወደ ላይ አሠርተው፥ በላዩ ከፍ ያለ የአልማዝ ዘውድ ደፉበት።