ሮብ ሮብ የሚጾመው ኮምፒውተር

አድምጡኝማ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ስትወጡ ሮብ ገበያን ታገኛላችሁ፤ የስናን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እዚያች ከተማ አንዲት ልጅ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ከፍታ ትሠራለች። መሣሪያዋ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው፤ ዊንዶውስ 7 የተጫነበት፣ ማይክሮሶፍት ራሱ ጥር 2012 ዓ.ም. ላይ ደህና ሁን ያለው።

ሰኞ ይሠራል፤ ማክሰኞም ይሠራል። ሮብ ግን ገበሬው ድንቹንና ገብሱን ጭኖ፣ በጉን ነድቶ ሲወርድ፣ ማመልከቻ አስጻፊውና ተዋዋዩ ደጁን ሲሞላው፣ እልም! ስክሪኑ ይጠቁርና ማሽኑ እንደገና ይነሳል። በፓወር ግዕዝ የተለቀመው ጽሑፍ ሴቭ ካልተደረገ ውኃ በላው።

ወረፋ የያዙ አንድ አዛውንት፣ «ልጄ፣ ዛሬ ሮብ አይደል? ይጹምበት፣ ተዪው» አሉ። ቤቱ ሳቀ። እሷ ግን፣ «አያ፣ አርብስ ለምን አይጾምም? በበዓለ ሃምሳስ እናንተ ስትበሉ እሱ ለምን ጾመ?» አለች። ይህችን ጥያቄ ያዙልኝ።

መጀመሪያ የመጣው ጠጋኝ ጥያቄ አይወድም። «ፎርማት ነው የሚፈልገው» አለ። በአገራችን ኮምፒውተር ቢያስል ፎርማት፣ ቢያነክስ ፎርማት ነው! ፋይሉ ተጠረገ፣ ገንዘቡ ተከፈለ፤ ሮብ ሲመጣ እልም። ቀጥለው የመጡት ራሙን አውጥተው በላጲስ ፈተጉት፤ የፋኑን አቧራ አራገፉ፤ ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ፔስት ቀየሩ። የደጋ ስስ አየር ሙቀት ይዞ የመሄድ አቅሙ ከቆላው ያነሰ ነውና ይህም አይናቅም። ግን ሙቀት ቢሆን ኖሮ ማክሰኞን መቼ ይምር ነበር?

ኋላ ደብረ ማርቆስ ኤሌክትሮኒክስ የተማረው የአክስቷ ልጅ መጣ።

«ሲጠፋ ሰማያዊ ነገር ያሳይሻል?»

«ምንም። መብራት እንደሄደበት ነው ድርግም የሚለው።»

ኢቨንት ቪወርን ከፈተ። ሶፍትዌር ወይም ራም የጣለው ማሽን ብዙ ጊዜ የስህተት ቁጥር ትቶ ነው የሚወድቅ፤ እዚህ ግን «ከርነል ፓወር 41» ብቻ ተደርድሯል፤ በወጉ ሳይዘጋ ድንገት ተቋረጠ ማለት ነው። ሰዓቱን አየ፤ ሁሉም ሮብ፣ ሁሉም ከረፋድ እስከ ቀትር። በገበያ ቀን ብቻ፣ በዚያ ሰዓት፣ ከጓሮ ምን ይነሳል? ወፍጮ!

የወፍጮ ሞተር ሲነሳ፣ መዞር ከጀመረ በኋላ ከሚወስደው አምስት ስድስት እጥፍ ከረንት ይጎትታል። ያኔ የሰፈሩ አምፖል ይፈዛል፤ 220 መሆን የነበረበት ቮልት ያሽቆለቁላል። ከጮቄ የሚወርደው ውኃ ዓባይ ገብቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው ሕዳሴ ግድብ ተርባይን ያዞራል፤ ይሁንና ግድቡ ቢትረፈረፍ፣ ሰፈር የሚደርሰው ሽቦ ቀጭንና ረጅም ከሆነ ቮልቱ መንገድ ላይ ይቀራል።

ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ ይህን ይችለዋል። መስመሩ ጨርሶ ቢቋረጥ እንኳ፣ ካፓሲተሩ ያጠራቀመው ለ16 ሚሊ ሰከንድ ያህል ማሽኑን ያቆየዋል። ካፓሲተር ሲያረጅ ግን ውስጡ ያለው ፈሳሽ ይደርቃል፣ አንዳንዱም ሆዱ ይነፋል፤ ያችን ቅጽበት መሻገር ያቅተዋል።

ልጁ የፓወር ሰፕላዩን ቆርቆሮ ከፍቶ አልነካካም፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ 300 ቮልት ያህል አድብቶ ሊቆይ ይችላልና። ከሞተ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ደህናውን ፈቶ ቀየረላት።

ሮብ መጣ። ወፍጮው ተነሳ፤ አምፖሉ ፈዘዘ፤ ሰው ሁሉ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ። ከርሰሩ ብልጭ ድርግም ማለቱን አልተወም።

«ታዲያ ያ ፎርማት ያደረገው ልጅ ብርሽን መለሰ?» አሉ አዛውንቱ።

«ኧረ አያ! እሱማ አሁን የሌላ ሰው ኮምፒውተር ፎርማት እያደረገ ይሆናል።»