ሞትን የሸሹ ድምፆች

ሰው ሟች መሆኑን ከተገነዘበበት ጊዜ ጀምሮ ከሞት የሚያመልጥበትን መንገድ ሲፈልግ ኖሯል። በግዕዝ በተጻፈው በዜና እስክንድር፣ ዓለምን ያስገበረው ንጉሥ ማየ ሕይወትን ፍለጋ ሲንከራተት እናነባለን። ሲኒማ ከተፈለሰፈ ወዲህ ይኸው ምኞት ወደ ሳይንሳዊ ልቦለድ ፊልሞች ተሸጋገረ። የማየ ሕይወትን ቦታ ኤሌክትሪክና መኪና ወሰዱት። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፊልሞቹ ያሰቧቸውን መንገዶች በአጭሩ መርምሮ፣ በጎረቤታችን በሐርጌሳ ከተማ በእውን ከተፈጸመ ታሪክ ጋር ማነጻጸር ነው።

በ1931 እ.ኤ.አ. የወጣው የጄምስ ዌል ፊልም «ፍራንከንስታይን»፣ መነሻው ሜሪ ሼሊ በ1818 ያሳተመችው ልቦለድ ነው። ሳይንቲስቱ ከሬሳ የለቃቀመውን አካል በመብረቅ ኃይል ሕያው ያደርጋል፤ ነገር ግን የፈጠረውን መቈጣጠር ያቅተዋል። በ1968 ስታንሊ ኩብሪክ ባዘጋጀው የጠፈር ጉዞ ፊልም ደግሞ ከመንገደኞቹ ከፊሉ በረጅም ሰው ሠራሽ እንቅልፍ ይተኛሉ። ጠባቂያቸው የሆነው ኮምፒዩተር ግን ተኝተው ሳሉ ይገድላቸዋል። በ1982 በወጣው በ«ብሌድ ረነር» ውስጥ አራት ዓመት ብቻ እንዲኖሩ የተሠሩ ሰው መሰል ፍጡራን ዕድሜያቸው እንዲረዝም ሠሪያቸውን ይጠይቃሉ፤ ሳይሳካላቸውም ይቀራል። እንግዲህ ሦስቱም ሥጋን ለማሰንበት ይሞክራሉ፤ ሦስቱም አይሆንላቸውም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በጥር 1927 በበርሊን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የፍሪትዝ ላንግ ፊልም «ሜትሮፖሊስ» ነው። በታሪኩ ውስጥ አንድ ፈልሳፊ ሄል የተባለች የሚያፈቅራት ሴት ስለ ሞተችበት በምትኳ የብረት ሰው ይሠራል። ይሁን እንጂ ፊልሙ ራሱ ከሞት አፋፍ ደረሰ። አከፋፋዮች ርዝመቱን ቈራርጠው አሳጠሩት፤ አሜሪካውያኑም ሄል የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ገሃነም ከሚለው ቃል ጋር ስለ ተመሳሰለባቸው የሴትዮዋን ታሪክ አወጡት። የተቈረጠው ክፍል ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ጠፍቶ ከኖረ በኋላ፣ በ2008 በአርጀንቲና ዋና ከተማ በቦነስ አይረስ የፊልም ሙዚየም ውስጥ የተቧጨረ ረጅም ቅጂ ተገኘ። ፊልሙም ታድሶ በ2010 ከሞላ ጐደል ሙሉ ሆኖ ታየ። ፊልሙን ከሞት ያዳነው አንድ ሰው ያስቀመጠው ቅጂ ነው።

ወደ ሐርጌሳ እንመለስ። የሐርጌሳ ራዲዮ ሥራውን የጀመረው በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን በ1943 እ.ኤ.አ. ነበር። የሶማሊኛ ቋንቋ ይፋ ጽሕፈት ያገኘው በ1972 ስለ ሆነ፣ ግጥሙና ዘፈኑ ይበልጡን የኖረው በሰው ቃልና በቴፕ ላይ ነው። በ1979 ጋሪዬና ሐድራዊን የመሳሰሉ ባለቅኔዎች የተለዋወጡት «ዴሌይ» የተባለ የግጥም ሰንሰለት በካሴት ከእጅ ወደ እጅ እየተቀዳ ተሠራጭቷል።

በመጋቢት 1980 ዓ.ም. (1988 እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያና የሶማሊያ መንግሥታት አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ እንዳይረዳ ተስማሙ። ከዚህም የተነሣ በኢትዮጵያ መሬት የነበረው የሶማሊያ ብሔራዊ ንቅናቄ መሠረቱን ሊያጣ ሲል በግንቦት ወር ቡርኦንና ሐርጌሳን አጠቃ። የዚያድ ባሬ መንግሥት አጸፋ የገዛ ከተማውን በመድፍና በአውሮፕላን መደብደብ ሆነ። ቦምብ የጣሉት አውሮፕላኖች የሚነሡት ከዚያው ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ብዙ ሺህ ሰው አለቀ፤ ከተማይቱ ፍርስራሽ ሆነች፤ በመቶ ሺዎች የሚቈጠር ሕዝብም ድንበር ተሻግሮ ሐርተሼክን በመሰሉ የኢትዮጵያ መጠለያዎች ሰፈረ።

በዚያ ቀውጢ ወቅት የራዲዮው ሠራተኞችና የኪነት ወዳጆች አንድ ነገር አሰቡ። ቴፖቹንና ካሴቶቹን ከሕንፃው እያወጡ ከፊሉን መሬት ቈፍረው ቀበሩ፤ ከፊሉንም ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ አሸሹ። ሰላም ሲወርድ የተቀበረው ወጣ። በአሁኑ ጊዜ በሐርጌሳ የባህል ማዕከል ከ10,000 በላይ ካሴቶች ይገኛሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. ከስብስቡ የተመረጡ ዘፈኖች ታትመው ለግራሚ ሽልማት ታጭተዋል።

እዚህ ላይ ራሳችንን ማታለል አይገባም። ካሴቱ ተረፈ ማለት ሰው ተረፈ ማለት አይደለም፤ በቦምብ የሞቱትን የሚመልስ ቴፕ የለም። ቴፕም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። ድምፅ የሚቀረጸው በፕላስቲክ ጥብጣብ ላይ በተቀባ ደቃቅ የማግኔት ዱቄት ስለ ሆነ፣ ሙቀትና እርጥበት በጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ውስጥ ያበላሹታል። ስለዚህ የማዕከሉ ሠራተኞች ካሴቶቹን ወደ ኮምፒዩተር ሲገለብጡ፣ የብራና ጸሓፊዎቻችን ያረጀውን መጽሐፍ በአዲስ ብራና ሲገለብጡ የኖሩበትን ሥራ መሥራታቸው ነው። የሚድነው ነገር የሚድነው እየተገለበጠ ነው፤ ለዚህም በየትውልዱ ገልባጭ ያስፈልጋል።

ከዚህ ታሪክ ለትምህርት ቤቶቻችን የሚተርፍ ሥራ አለ። ዛሬ በተማሪዎች ቤት ድምፅ መቅዳት የሚችል ስልክ አይታጣም። መምህራን ተማሪዎቻቸውን የአያቶቻቸውን ተረት፣ ቀረርቶና የሠርግ ዘፈን፣ ያዩትንም ጦርነትና ረሃብ ከነስማቸውና ከነቀኑ ቀድተው ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ እንዲያስቀምጡ ቢያደርጉ መልካም ነው። የሐርጌሳ ሰዎች ይህን የሠሩት ቦምብ ሊዘንብባቸው ሲል ነው። እኛ ግን ሰላም ባለበት ሰዓት ልንጀምረው እንችላለን።