ከገቢ ግብር ውጪ የቀረው እርሻ፦ ማን ተጠቀመ?



የዛሬው ንግግሬ በአንድ የቆየ የሕግ ዝምታ ላይ ያተኩራል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1944 ባወጣው አዋጅ ቁጥር 60 በደመወዝና በንግድ ትርፍ ላይ ግብር ጣለ። የመሥሪያ ቤት ጸሐፊው፣ መምህሩና ነጋዴው ከገቢያቸው ይከፍሉ ጀመር። የእርሻ ገቢ ግን እስከ 1967 ድረስ ከገቢ ግብር ውጪ ቆየ። አገሪቱ በእርሻ የምትኖር እንደ መሆኗ መጠን፣ ሕጉ የተወው ጥቂቱን ሳይሆን ዋናውን ነበር።

እርሻ ምንም አልከፈለም ማለቴ ግን አይደለም። በዚያው በ1944 የወጣው አዋጅ ቁጥር 70 መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ከፍሎ በጋሻ ቁርጥ ግብር ወሰነ። ለአንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር የመሬት ግብር፣ በአሥራት ምትክ ደግሞ 35 ብር ይከፈል ነበር። ጋሻ ወደ 40 ሔክታር የሚጠጋ ስፋት መሆኑን አስታውሱ። ቁርጥ ግብር ለሰነፍ አራሽ ይከብዳል፣ ለትጉህ ይቀላል የሚሉ አሉ፤ በራሱ መሬት ለሚያርስ ሰው አባባሉ እውነትነት አለው። በደቡብ ግን ትጉሁ ጭሰኛው፣ ግብሩ የቀለለለት ደግሞ ባለመሬቱ ነበር። የእህልና የቡና ዋጋ ሲወጣ፣ ከጭሰኛው የሚቀበለው እርቦ፣ ሲሶ ወይም እኩሌታ አብሮ ዋጋው ይጨምራል፤ ለመንግሥት የሚከፍለው ግን እዚያው ላይ ነው።

ከዚህ የባሰም ነበር። አዋጁ አሥራትን በገንዘብ ሲለውጥ ከፋይ ያደረገው ባለመሬቱን ነው። በብዙ ቦታ ግን ባለመሬቱ ያንን ገንዘብ ከፍሎ፣ ከጭሰኛው ምርት አንድ አሥረኛውን በእህል መቀበሉን ቀጠለ። ሕጉን ብቻ የሚያነብ ተማሪ ባለመሬቱን ግብር ከፋይ ብሎ ይመዘግበዋል። ሸክሙን የተሸከመውን የሚፈልግ ግን አውድማው ድረስ መውረድ ይኖርበታል።

በ1960ዎቹ ሁለተኛው አጋማሽ ደግሞ ሌላ ዓይነት ማበረታቻ መጣ። ለዘመናዊ እርሻ የሚሆኑ ትራክተሮችና መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ ይገቡ ጀመር። ዓላማው ምርትን ማሳደግ ነበር፤ ምርቱም በእርግጥ አደገ። በአርሲ ጭላሎ የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ ለአነስተኛ ገበሬዎች ለማዳረስ ታስቦ በተጀመረው የካዱ ፕሮጀክት አካባቢ ባለመሬቶች እርሻው እንደሚያዋጣ ሲያዩ፣ ጭሰኞቻቸውን አስነሥተው በትራክተር ማረስ ያዙ። ግምጃ ቤቱ የተወው ቀረጥ ጭሰኛውን ለማስለቀቅ የሚጠይቀውን ወጪ ቀነሰ። በሌላ አነጋገር፣ የተፈናቀለው ሰው ለመፈናቀሉ የተሰጠ ድጎማ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በ1967 አዋጅ ቁጥር 255 አሥራቱን ሽሮ፣ ገቢ ሲጨምር መጠኑ የሚጨምር የእርሻ ሥራ ገቢ ግብርን አመጣ። በመርህ ደረጃ ከቀድሞው ሁሉ የተሻለ ሕግ ነበር። ይሁን እንጂ ያለፈው በምክር ቤት በኩል ነው፤ የ1955ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕዝብ እንደራሴ የሚሆን ሰው በምርጫ ክልሉ የንብረት ባለቤት እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። ግብሩን የሚወስኑት ከሞላ ጎደል ግብሩ የሚያርፍባቸው ሰዎች ነበሩ፤ ረቂቁም ከእጃቸው ሳይለዝብ አልወጣም።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ቀላል ይመስላል፤ ነፃ መሆን የባለጠጋ ጥቅም ነው፣ ይነሣ የሚያሰኝ። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ አስተምሬያለሁ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ጎጃም ነው።

ጎጃም፣ ቤጌምድርና ትግሬ በ1944ቱ አዋጅ በጋሻ ከተወሰነው አዲስ ግብር ውጪ ሆነው በቀድሞው ልማድ ይከፍሉ ነበር። በ1968 የገቢ ግብሩ ገማቾች ሲሰማሩ ግን ያገኙት የጋሻ ጌታ ሳይሆን፣ ከዘመዶቹ ጋር የሚጋራውን ርስት በገዛ በሬው የሚያርስ ገበሬ ነው። ገበሬው በገማቹ እጅ የመሬት ልኬታ ታየው፤ ልኬታ ደግሞ ርስትን ከማጣት ጋር የተያያዘ ፍርሃት ነበር። ለሚሰጠው ገንዘብ የሚመለስለት መንገድም ሆነ ትምህርት ቤት አላየም። አመፀ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላኖችም መንደሮችን ደበደቡ። ባላባቶች ናቸው ያነሣሡት የሚለው ማብራሪያ አንዳች እውነት ቢኖረውም፣ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ መነሣት አይበቃም።

አንዱ ዝምታ ለሁለት ሰዎች ሁለት ነገር ነበር። ለአርሲው ባለመሬት የማይቆጠር ትርፍ ሲሆን፣ ለጎጃሙ ርስተኛ ከማያምነው መዝጋቢ የሚከልለው አጥር ሆነ። ሕግ አውጪው ሁለቱንም «የእርሻ ገቢ» በሚል አንድ ቃል ጠራቸው። ቅድሚያ ባለመሬቱ ጭሰኛው ላይ የሚጥለውን አሥራት ማስቆም ሲገባ፣ የገማቹ ኃይል የተፈተነው በርስተኛው ማሳ ላይ ነው። ፍትሕ የጎደለው ግብር መጣሉ ሳይሆን የቅደም ተከተሉ ነገር ይመስለኛል፤ ከእናንተ መካከል የማይስማማ ካለ ከንግግሩ በኋላ ብንወያይበት ደስ ይለኛል።

በ1969 ንጉሠ ነገሥቱ በጎጃም ለዓመታት የተከማቸውን የግብር ውዝፍ ማሩ። የአርሲ ጭሰኞች ግን በትራክተሩ ፊት መነሣታቸውን ቀጠሉ። የአዲስ አበባው ጸሐፊም በዚያ ዓመት ደመወዙን የተቀበለው እንደ ወትሮው ግብሩ ተቀንሶለት ነበር።