ጎንደር ያልተቀበለችው ዝማሜ

የአለቃ ገብረ ሐናን ቀልድ ያልሰማ ሰው በአገራችን ይገኛል ብዬ አላምንም። እኔም ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማ ስላደግሁ፣ አለቃ ማለት ምላሳቸው ማንንም የማይምር ቀልደኛ ሽማግሌ ብቻ ይመስሉኝ ነበር። ዘንድሮ የታሪክ መምህራችን “ስለ አገራችሁ ሽማግሌ ጠይቃችሁ ጻፉ” ባሉን ጊዜ ግን፣ መሪጌታ የሆኑትን አያቴን ስለ አለቃ ብጠይቃቸው፣ “ቀልዱንስ ሁሉም ያወራዋል፤ አንተ ዝማሜውን ጠይቅ” አሉኝ። በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ የማቀርበውም ይህንኑ ነው።

እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ሆነ፣ መዝሙር ማለት እጅን አጣምሮ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ መዘመር ይመስለኝ ነበር። በማኅሌት ግን እንዲህ አይደለም። ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው ሰውነታቸውን ከዜማው ጋራ ያወዛውዛሉ፤ ጸናጽሉና ከበሮውም በየተራው ይገባል። ይህ ትምህርት አቋቋም ይባላል፤ ብዙ ዓመትም ይፈጃል።

አለቃ ገብረ ሐና የፎገራ ሰው ናቸው። ከዐፄ ቴዎድሮስ እስከ ዐፄ ምኒልክ ዘመን የኖሩ፣ ቅኔ ዐዋቂና በጎንደር በአታ ያስተማሩ ሊቅ ነበሩ። ሲነገር እንደሚሰማው፣ በጣና ዳር ሳሉ ማዕበሉ ሲሄድና ሲመለስ፣ ሸምበቆውም በነፋስ ወዲያና ወዲህ ሲል ተመልክተው፣ ከዚያ አዲስ ዝማሜ አወጡ። የጎንደር ሊቃውንት ግን አልተቀበሉትም።

አንባቢ ሆይ፣ ሊቃውንቱን ለመውቀስ አትቸኩል። እኔም መጀመሪያ ቸኩዬ ነበር፤ አያቴ ናቸው ያቆሙኝ። ለዜማው በድጓው ላይ ከቃሉ በላይ የሚጻፍ ምልክት አለው፤ የሰውነት እንቅስቃሴ ግን ከመምህሩ ወደ ተማሪው የሚተላለፈው በዐይን ነው። እያንዳንዱ መምህር ደስ ያለውን ቢጨምርበት፣ ከሦስት ትውልድ በኋላ የቀድሞውን ማን ያውቀዋል? ደግሞም አገራችን የማስመስከር አገር ናት። ድጓ የተማረ ሰው ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ካላስመሰከረ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረም ዙር አምባ ካልሄደ፣ መምህር ነኝ ለማለት አይደፍርም። የአቋቋም ማስመስከሪያው ደግሞ ያው የጎንደር በአታ ነው። እንግዲህ አዲስ ነገር ያወጣ ሰው የት ሄዶ፣ በማን ፊት ያስመስክር? የሚፈርዱት አሮጌውን የሚጠብቁት ናቸውና።

አለቃም አዲሱን ዝማሜ ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ተክሌ ወደ እኛ ከተማ፣ ወደ ደብረ ታቦር ኢየሱስ መጥቶ ቢያሳይ፣ እዚህ ተወደደለት። በኋላም ዐፄ ምኒልክ ደብረ ታቦር በመጡ ጊዜ አይተው ደስ ስላላቸው፣ በሌላውም አገር እንዲስፋፋ አደረጉ ይባላል። ዛሬ ዝማሜው “የተክሌ” ተብሎ በብዙ አድባራት ይዘመማል። የደብረ ታቦር ልጅ በዚህ ቢኮራ አይፈረድበትም፤ እኔም ኮርቻለሁ። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ክብሩ ሲመጣ በልጁ ስም መጣ፤ ለአባትየው የቀረላቸው ቀልዱ ነው።

ይህን ጽፌ ጊታር ለሚወድ ጓደኛዬ ባነብለት፣ “የብላክ ሳባዝ ታሪክ እኮ ነው!” ብሎ አሣቀኝ። በኋላ ሳጣራው ግን ነገሩ እውነትም ይመሳሰላል። ይህ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋቋመ የሮክ ባንድ፣ በ1970 የመጀመሪያውን ሸክላ ሲያወጣ ተቺዎች አጣጣሉት፤ ወጣቱ ግን ገዛው። አሜሪካ ያለው የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽም ብዙ ጊዜ አለፈው። እንዲያውም ዘፋኙ ኦዚ ኦዝበርን በ1999 ስማችንን ከዕጩዎቹ ዝርዝር ሰርዙልን ብሎ ጠይቆ ነበር። የገቡት በ2006 ነው። ለእነርሱስ በሕይወት ሳሉ ደረሰላቸው።

ከአገራችን ሰዎችም በሕይወቱ የደረሰለት አለ። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1943 ጅማ ተወልዶ፣ ለምህንድስና ወደ ዌልስ ቢላክ ወደ ሙዚቃ አዘነበለ፤ በለንደንና በቦስተን በርክሊ ተማረ። የእኛን ቅኝቶች ከጃዝ ጋራ አዋሕዶ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ፣ ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ ለብዙ ሰው እንግዳ ነበር። እርሱ ራሱም መጀመሪያ ላይ ሰው እንዳልተቀበለው ተናግሯል። በ1998 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ “ኢትዮፒክስ” በሚባለው ተከታታይ እትሙ አራተኛውን ለሙላቱ ሰጠ፤ በ2005 ሥራዎቹ “ብሮክን ፍላወርስ” በተባለው የአሜሪካ ፊልም ተሰሙ። በ2012 ደግሞ ያው የተማረበት በርክሊ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። የጎንደሩን ዝማሜ ደብረ ታቦር፣ የአዲስ አበባውን ጃዝ ፓሪስና ቦስተን አከበሩት። ይህ ለምን እንደሚሆን ብዙ አስቤበታለሁ። ከሩቅ የሚሰማ ሰው የሚጠብቀው አሮጌ ነገር ስለሌለው ይሆን?

ለአያቴ አንዱን የሙላቱን ሥራ በስልኬ ከፈትሁላቸው። ዓለማዊ ነው ብለው ያስቆሙኛል ብዬ ስፈራ፣ ዐይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

“ይኸ ልጅ ቅኝታችንን ያውቀዋል” አሉ።

“ልጅ አይደለም፤ በዕድሜ እርስዎንም ይበልጥዎታል” አልኋቸው።

“ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበር?” አሉኝ።