የንግድ ድረ ገጾችን ጎብኚ የሚያበዙ አነስተኛ ማሻሻያዎች

የአንድ ንግድ ድርጅት ድረ ገጽ ጎብኚ ሲያጣ ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው እርምጃ ገጹን በከፍተኛ ወጪ እንደ አዲስ ማሠራት ነው። ይሁን እንጂ ጎብኚን ከሚያርቁት ጉድለቶች በርካታዎቹ ያለ ጨረታና ያለ ተጨማሪ በጀት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊስተካከሉ የሚችሉ ናቸው።

ቀዳሚው የገጹ ርዕስ ነው። ጎግልና መሰል የመፈለጊያ አገልግሎቶች ውጤታቸውን ሲያቀርቡ በጉልህ የሚያሳዩት በአመዛኙ ከዚሁ ርዕስ የሚወሰደውን ጽሑፍ ነው። በርዕሱ ቦታ «እንኳን ደህና መጡ» ወይም «መነሻ ገጽ» ተብሎ ብቻ ሲጻፍ ግን ፈላጊው ድርጅቱ ምን እንደሚሸጥ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የተባሉትን የቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ባደረገችው ጥረት ክርክር ተነስቶ፣ እ.ኤ.አ በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ መድረሷ ይታወሳል። የይርጋጨፌን ቡና የሚልክ ድርጅት ይህን ያህል የተደከመለትን ስም በገጹ ርዕስ ላይ ካላሰፈረ፣ ገዢው በስሙ ሲፈልግ የሚያገኘው ሌላውን ነጋዴ ይሆናል። ርዕሱ የምርቱን ዓይነት፣ የድርጅቱን ስምና ከተማውን በአጭሩ ቢይዝ በቂ ነው። በአንጻሩ ለአንባቢ በማይታየው የገጹ ክፍል ቁልፍ ቃላትን መደርደር ፋይዳ የለውም፤ ጎግል ለደረጃ አሰጣጥ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ በ2009 አስታውቋል።

በአማርኛ የሚዘጋጁ ገጾች የራሳቸው ችግር አላቸው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ከመካተቱ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ ጽሑፎች እርስ በርስ በማይግባቡ የፊደል ቅርጾች ይዘጋጁ ነበር። በዚያ መንገድ የተጻፈ ገጽ ለዓይን አማርኛ ቢመስልም ለመፈለጊያው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ድርድር ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ይገባል። ማኅተም ያረፈበትን የዋጋ ዝርዝር ስካን አድርጎ በፎቶግራፍ መልክ ብቻ መለጠፍም ተመሳሳይ ጉዳት አለው፤ ይዘቱ ከሥሩ በጽሑፍ ሊሰፍር ይገባል።

የሞክሼ ፊደላት ጉዳይም አለ። ሀ፣ ሐ እና ኀ ለአንባቢ አንድ ድምፅ ቢሆኑም በዩኒኮድ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ስለዚህ «ሐረር» ተብሎ የተጻፈን ገጽ «ሀረር» ብሎ የሚፈልግ ሰው ሊያጣው ይችላል። ትክክለኛውን አጻጻፍ በርዕሱ ላይ አጽንቶ፣ የተለመደውን ሌላ አጻጻፍ በገጹ ውስጥ አንድ ጊዜ ማስገባት፣ የፊደል ሥርዓት ጠባቂዎችን ባያስደስትም፣ ለንግድ ገጽ የሚበጅ ነው።

የገጹ ክብደትም ጎብኚን ያርቃል። ከካሜራ እንደወጣ የተጫነ አንድ ፎቶግራፍ በርካታ ሜጋባይት ሊመዝን ይችላል። መጠኑን ወደ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ማውረድ የደቂቃዎች ሥራ ሲሆን፣ በሞባይል ስልክ ለሚከፍተው ደንበኛም ጊዜና የዳታ ወጪ ይቆጥባል። ጎግል በሞባይል ፍለጋ ላይ የገጽ ፍጥነትን እንደ አንድ መመዘኛ መጠቀም የጀመረው እ.ኤ.አ በ2018 ነው። ድርጅቱን በጎግል ካርታ ላይ ማስመዝገብም ክፍያ የለውም። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር እምብዛም በማይነገርበት ከተማ ደንበኛው የሚጠይቀው የሰፈሩን ወይም የታዋቂውን ሕንጻ ስም በመሆኑ፣ አድራሻው ይህንኑ ሊጠቅስ ይገባል።

የማሻሻያው ውጤት በግምት አይለካም። ሰርች ኮንሶል የተባለው የጎግል ነጻ መሣሪያ ሰዎች በየትኞቹ ቃላት ፈልገው ወደ ገጹ እንደመጡ ያሳያል። ለውጡ በአንድ ጀምበር ስለማይታይ ከማሻሻያው በፊትና በኋላ ያሉትን ሳምንታት ማነጻጸር ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ግን የሚቻለው የገጹ ቁልፍ በድርጅቱ እጅ ሲሆን ነው። የይለፍ ቃሉ ገጹን በሠራው ባለሙያ ወይም ሥራ በለቀቀ ሠራተኛ እጅ ከቀረ አንዲት ቃል ማረም እንኳ አይቻልም። የገጹ ስም የሚታደስበት ቀን ሳይታወቅ ካለፈ ደግሞ ድረ ገጹ ከነጭራሹ ይዘጋል። በተለይ በመንግሥት የልማት ድርጅቶች የይለፍ ቃሉ፣ የስሙ ባለቤትነትና የእድሳት ቀኑ እንደ ተሽከርካሪና ኮምፒውተር ሁሉ በንብረት ርክክብ ሰነድ ላይ መመዝገብ ይኖርባቸዋል።