ማንበብ ከቻልን በኋላ ምን እናንብብ? የሯጭ፣ የመንገደኛና የልብ ወለድ መጻሕፍት ታሪክ

ይህን ንግግር በሬዲዮ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። አሁን ደግሞ በወረቀት ላይ ይዛችሁት፣ በገዛ ዓይናችሁ ታነቡታላችሁ። አትቸኩሉ። የከበዳችሁ ቃል ካለ ቆም በሉና እንደገና አንብቡት።

ፊደል ቆጥረው ማንበብ የቻሉ አንዲት እናት አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ስለ ማዳበሪያ አነበብኩ። ስለ ክትባትና ስለ ንጹሕ ውሃም አነበብኩ። ደግ ነው። ግን ሰው ሁልጊዜ ስለ ሥራ ብቻ ያወራል እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። የማያነብ ሰው የተማረውን ፊደል ይረሳል። የማይወደውን ነገር ደግሞ ማንም ደጋግሞ አያነብም። ስለዚህ ዛሬ ደስ ብሏችሁ ልታነቧቸው ስለምትችሏቸው ሦስት ዓይነት መጻሕፍት ላውጋችሁ። አንደኛው የስፖርት መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው በእግር ስለመጓዝ የተጻፈ ነው። ሦስተኛው ልብ ወለድ ነው። እንዴት እንደተጻፉና ማን እንደጻፋቸው እንመልከት።

መጀመሪያ ወደ ሯጩ እንሂድ።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር። በእኛ አገር የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። በዚያን ዕለት በጣሊያን አገር፣ በሮም ከተማ፣ የኦሊምፒክ ማራቶን ተካሄደ። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሚሮጥበት ውድድር ነው። ከሯጮቹ አንዱ የክቡር ዘበኛ ወታደር የነበረው አበበ ቢቂላ ነው። የቀረበለት ጫማ ስላልተስማማው በባዶ እግሩ ሮጠ።

ሯጮቹ በሚያልፉበት መንገድ ላይ አንድ ትልቅ የድንጋይ ሐውልት ቆሞ ነበር። የማን ሐውልት መሰላችሁ? የአክሱም ነው። የፋሺስት ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮም የወሰደው ነው። አበበ በዚያ ሐውልት አጠገብ አልፎ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገብቶ አንደኛ ወጣ። ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ይህ ነው። ሐውልቱም ቢሆን በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ፣ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዳግመኛ ቆሟል።

አበበ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ እንደገና አሸነፈ። ያውም የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ገና ጥቂት ሳምንታት ቢሆነው ነው። በ1961 ዓ.ም. ግን የመኪና አደጋ ደረሰበት። እነዚያ እግሮች መንቀሳቀስ አቃታቸው። እሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በ1966 ዓ.ም. ዐረፈ።

ስለዚህ ሰው በርካታ መጻሕፍት ተጽፈዋል። የውጭ አገር ጸሐፊዎቹ ፖል ራምባሊና ቲም ጁዳ ጽፈዋል። የገዛ ልጁ ፅጌ አበበም የአባቷን ታሪክ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1996 አሳትማለች። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሦስቱም የጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ሲያሸንፍ እልል ያለችለት የገጠር እናት ልታነባቸው አትችልም። እግሩ የእኛ ነው፤ ወሬው ግን በሰው ቋንቋ ተጻፈ።

ይህን ነገር ያዙልኝ። በሁለተኛው መጽሐፍ እንደገና እናገኘዋለን።

ሁለተኛው የመንገደኛ መጽሐፍ ነው። «በእግር መሄድ ደግሞ ምኑ ይጻፋል? እኛ ለገበያውም ለውሃውም በየቀኑ እንሄድ የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። እንግዲያው ስሙኝ።

በእንግሊዝ አገር አልፍሬድ ዌይንራይት የሚባል ሰው ነበር። ድሀ ቤተሰብ ውስጥ ተወልዶ፣ በ13 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ በማዘጋጃ ቤት በተላላኪነት ተቀጠረ። ኋላም እየተማረ የሂሳብ ሠራተኛ ሆነ። በዕረፍት ቀኑ አውቶቡስ ይሳፈርና ተራራና ሐይቅ ወደበዛበት ወደ ሌክ ዲስትሪክት ይሄዳል። ከዚያ በእግሩ ተራራውን ይወጣል። ማታ ቤቱ ሲመለስ ያየውን ይጽፋል። የቱ መንገድ ረግረግ እንደሆነ፣ የቱ ገደል እንደሚያሰጋ፣ ከጫፍ ላይ ምን ምን እንደሚታይ ይጽፋል። እንዲህ እያለ ስለ 214 ተራሮች 7 መጻሕፍት ጻፈ። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1955 እስከ 1966 ታተሙ።

አሁን ለእናንተ የሚሆነውን ልንገራችሁ። የእነዚያ መጻሕፍት ገጾች በማተሚያ ቤት ፊደል የተለቀሙ አይደሉም። ሰውዬው በእጁ ጻፈ፤ ሥዕሉንም በእጁ ሣለ፤ የእጅ ጽሑፉ እንዳለ ታተመ። ስለዚህ «የእጅ ጽሑፌ አያምርም» ብላችሁ አትፈሩ። ከእጅ ጽሑፍም መጽሐፍ ይሆናል።

ሌላዋ መንገደኛ ወደ እኛው አገር የመጣች ናት። ደርቭላ መርፊ ትባላለች፤ አየርላንዳዊት ናት። እሷም በ14 ዓመቷ ትምህርት ያቋረጠችው የታመሙ እናቷን ለማስታመም ነው። በ1959 ዓ.ም. ከምጽዋ ተነሣች። ምጽዋ ያኔ በኢትዮጵያ ሥር ነበረች፤ ዛሬ በኤርትራ ናት። ከዚያ በትግራይ፣ በስሜን፣ በጎንደርና በላሊበላ በኩል አድርጋ አዲስ አበባ ገባች። ጓደኛዋ ጆክ የሚባል በቅሎ ነበር። ዳገቱን ወጣች፤ ቁልቁለቱን ወረደች፤ ሽፍታ ዘረፋት። ሲመሽባት ገበሬዎች ቤታቸው አሳደሯት፤ ያላቸውንም አቀረቡላት። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1968 «ከበቅሎ ጋር በኢትዮጵያ» የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ አሳተመች።

እስቲ አስቡት። ያች እንግዳ ስለ አስተናጋጆቿ ጻፈች። አስተናጋጆቿስ ስለ እሷ ምን ይሉ ነበር? «አንዲት ፈረንጅ በቅሎ እየነዳች መጣች» ብለው ለጎረቤት ሳያወሩ አልቀሩም። ነገር ግን በዚያን ዘመን አብዛኛው ገበሬ መጻፍና ማንበብ አልተማረም ነበር። ስለዚህ የእሷ ወሬ በመጽሐፍ ቆየ፤ የእነሱ ወሬ ከእሳት ዳር አልወጣም። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚሉት ይህን ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለገበሬው እርሳስ ሲያስጨብጥ፣ ይህን በደል ለማቃናትም ነበር።

ሦስተኛው ልብ ወለድ ነው። እዚህ ላይ ብዕሩም የእኛ ነው።

ልብ ወለድ ማለት ልብ የወለደው፣ በሐሳብ የተፈጠረ ታሪክ ማለት ነው። በአማርኛ የመጀመሪያውን ልብ ወለድ የጻፉት የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታተመ። «ጦቢያ» እየተባለ ይጠራል። አንድ የጦር አለቃ ይማረካል፤ አንድ ደግ ነጋዴ ገዝቶ ነፃ ያወጣዋል። ወንድ ልጁ ዋህድ የነጋዴውን ውለታ ለመክፈል ከቤቱ ይወጣል፤ እሱም በተራው በባርነት ይያዛል። መንትያ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ከአባቷ ጋር ልትፈልገው መንገድ ትጀምራለች። አያችሁ፣ እሷም መንገደኛ ናት!

በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታተመ። በዛብህን፣ ሰብለ ወንጌልንና ጉዱ ካሳን የማያውቅ ማን አለ? ፊደል ያልቆጠረውም ሰው ያውቃቸዋል። እንዴት አወቃቸው? ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ስለተረከው ነው። ሕዝቡ ሬዲዮ ባለበት ቤት ተሰብስቦ ያዳምጥ ነበር።

ነገር ግን ሬዲዮ ጌታው ራሱ ነው። በሰዓቱ ይጀምራል፤ በሰዓቱ ያቆማል። «ያቺን ቦታ ድገምልኝ» ብትሉት አይሰማም። መጽሐፍ ግን ይታዘዛል። ባቆማችሁበት ይጠብቃችኋል። ደስ ያላችሁን ገጽ አሥር ጊዜ ብታነቡት አይቆጣም። የሚያነብ ሰው ያገኘው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ የሚሰማውን ነገር ጊዜና ልክ ራሱ ይወስናል።

እኒያ እናት ከሦስቱ የመረጡት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነው። «ትልቅ መጽሐፍ ነው፤ አይከብድዎትም ወይ?» አልኳቸው። «ሰብለን በሬዲዮ አውቃታለሁ። አሁን ቤቷ ድረስ ልሂድ» አሉኝ። በቀን አንድ ገጽ ያነባሉ። ገና አልጨረሱም፤ አልተውትምም።

እናንተስ የቱን መረጣችሁ? ሩጫ የሚወድ የሯጭን ታሪክ ይፈልግ። መንገድ የሚወድ የመንገደኛን ይፈልግ። ጨዋታ የሚወድ ልብ ወለድ ያንብብ። አንዱ ሌላውን አይንቅም።

በመጨረሻም የቤት ሥራ አለባችሁ። ከቤታችሁ እስከ ገበያ ያለውን መንገድ በአምስት መስመር ጻፉ። የትኛው ዛፍ ሥር እንደምታርፉ፣ ወንዙ በክረምት የት ላይ እንደሚሞላ፣ ማን ጋ ውሃ ጠይቃችሁ እንደምትጠጡ ጻፉ። ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን ከላይ አድርጉበት። ወረቀቱን አትጣሉት። ነገ የልጅ ልጆቻችሁ የዚያን መንገድ ታሪክ ሲፈልጉ፣ ከእንግዳ ሳይሆን ከእናንተ ያገኙታል።

ደህና ሁኑ። በሚቀጥለው ንግግራችን እስክንገናኝ መልካም ንባብ!